ለውሃ የተላኩ ሽማግሌዎች

ደብረ ታቦር ላይ የውሃ ኃላፊ የሆነ ሰው ልቅሶ ቤት እንኳ በሰላም አያለቅስም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ከሐዘንተኞቹ መካከል ስቀመጥ፣ ከጎኔ ያለችው ሴትዮ "ወይኔ ወንድሜ፣ ወይኔ ጋሻዬ" እያለች ደረቷን ትደቃለች። ትንፋሽ ልትሰበስብ ዝም ስትል ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "የእኛ ሰፈር ፈረቃ ማክሰኞ ነው ረቡዕ?" ትለኛለች። "ረቡዕ" እላታለሁ። "ወይኔ ወንድሜ!" ብላ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ሥራዬ በወረቀት ሲጻፍ ውሃና ፍሳሽ ነው። የመንገድ መብራቱ ባለቤት ጠፍቶለት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ኖሮ፣ አንድ ስብሰባ ላይ ለሽንት ወጣ ብዬ ስመለስ ለእኔ ተሰጥቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የውሃ ኃላፊ ሆኜ ስብሰባ ባለበት ቀን ውሃ አልጠጣም። ፍሳሹማ አይነሣ። አንድ ጊዜ የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳን ጠፋብን ብለን ሰፈር ለሰፈር ስንዞር፣ ጠላ የምትሸጥ ሴትዮ ጓሮ ጋን ተከድኖበት አገኘነው። ወንጀል ነው ብዬ ስጮህባት፣ "እንዴ፣ ልክክ ብሎለት እኮ ነው! እስኪ እይው!" ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ። አየሁት። እውነትም ልክክ ብሎለታል።

ባል የለኝም። ይኼን የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም፤ ታሪኩ ያለ እሱ አልሄድልሽ ብሎኝ ነው። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ደግሞ ከዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽማግሌዎች በደጇ ቆመው እኔን ሲጠይቋት ማየት። በእኛ አገር ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ። ነጫቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው በር ላይ ይቆማሉ። ግቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላሉ። የልጅ እናት ስትኮራ፣ ስትሽኮረመም፣ "ዘመድ ላማክር" ብላ ቀጠሮ ስትሰጥ መንደሩ ሁሉ በአጥር ያያል። የጎረቤቶቻችን ልጆች አንድ በአንድ ተጠይቀው አልቀዋል። እናቴ የሁሉንም ሽምግልና ያየችው አጥር ላይ ተንጠልጥላ ነው።

"ትዳሩ እንኳ ቢቀር ግዴለኝም" ትለኝ ነበር። "እምቢ ስትዪም እምቢ በይ። ብቻ አንድ ጊዜ ቆመው ይለምኑኝ። እኔስ ሰው አይደለሁም?"

እኔ ታዲያ ምን ላድርጋት? ሽማግሌ ከመጋዘን ወጪ አይደረግ።

በጥቅምት ወር ላይኛው ሰፈር ውሃ ተቋረጠ። ውሃውን ከጋፋት በኩል ካለው ጉድጓድ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ሞተሩ ተቃጥሎ፣ ሽቦው እንደገና እንዲጠመጠም ባሕር ዳር ተልኮ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሰፈሩ ሰዎች ቢሮዬ ድረስ ሲመጡም ይህንኑ ነገርኋቸው። ግን ከተማችን ውስጥ ማሽን ተበላሸ ቢሉት የሚያምን የለም። ውሃ ከጠፋ አንድ ሰው ዘግቶታል ማለት ነው። ያን ሰሞን አንድ የሰፈሩ ሰው ስብሰባ ላይ እጁን እያወናጨፈ ሞልጮ ሰድቦኝ ነበርና፣ "ቂም ይዛብን ነው የዘጋችው" ብለው ደመደሙ። እኔ ስድቡን የዚያኑ ዕለት ረስቼው ነበር፤ የሚሰድበኝን ሁሉ ብቀየም ኖሮ ከተማው ውስጥ የሚጠጣ ሰው ባልተገኘ። እነሱ ግን ቂም በሽማግሌ ይፈታል አሉ። ቂመኛዋ እምቢ ካለች ደግሞ በእናቷ ይገባል አሉ። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ለተቃጠለ ፓምፕ ሽማግሌ የተላከው።

እናንተ አሁን አወቃችሁ። ያን ጊዜ ግን እኔም እናቴም አላወቅንም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ልትታጠብ ስትል በሩ ተንኳኳ። ብትከፍት አራት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከፊት ያሉት መቋሚያ የያዙ ቄስ ናቸው። እናቴ ባዶ እግሯን መሆኗን ረሳች።

"ግቡ እንጂ አባቶቼ፣ ተቀመጡ" አለች፤ ድምፅዋ እየከዳት።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እሜቴ" አሉ ቄሱ።

ይህችን ቃል እናቴ ስንት ዓመት ጠበቀቻት! የበሩን መቃን እንደ ያዘች ኋላ ነግራኛለች። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የመጣነው ስለ ልጅዎ ነበር፤ ነገሩ እንግዲህ..." ብለው ሲጀምሩ፣ የልጅ እናት እስከ መጨረሻው ዝም ብላ መስማት እንዳለባት ወጉን እያወቀች፣ አላስችል አላት።

"ገብቶኛል አባቴ! ገብቶኛል፤ አይድከሙ!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ውሃ መጥፋቱን የማያውቅ ሰው በከተማው ስለሌለ ቢገባት አልገረማቸውም። "እንግዲያው እምቢ አይበሉን" አሉ።

"እኔ ምን አቅም አለኝ፣ እግዚአብሔር ካለ! ብቻ ዘመድ ላሰባስብ። የዛሬ ሳምንት ኑልኝ።" ይህን ብላ አስገብታ፣ አስቀምጣ፣ ያላትን አቅርባ፣ እስከ መንገድ ሸኘቻቸው። በአጥሩ ላይ ያሉት ጎረቤቶች በደንብ እንዲያዩላት ቀስ እያለች ነው የሸኘቻቸው።

መንገድ ላይ አንደኛው ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው "ለውሃ ዘመድ ምን ያደርጋል?" ብለው ጠየቁ አሉ።

"ቂሙ የዘር ይሆናላ!" አሉ ቄሱ።

እኔ ያን ሰዓት ጉድጓዱ ዘንድ ነበርሁ። ጋፋት ማለት እንግዲህ ዱሮ ንጉሡ መድፍ ያስቀለጡበት አገር ነው፤ እኛ ደግሞ እዚያው አፈር ላይ ቆመን አንዲት የዛገች ቱቦ ለማውጣት ስንሟገት እንውላለን። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝና ሳመችኝ። ጭቃውን ሳትፈራ። ደነገጥሁ፤ ሰው የሞተ መሰለኝ።

"ሽማግሌ ተላከብሽ" አለችኝ።

"ማን ላከ?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"እንዴ እማዬ፣ ሳትጠይቂ ቀጠሮ ሰጠሽ?"

"በመጀመሪያ ቀን ስም አይጠየቅም፣ ያስነውራል! የተራብን ይመስላል!"

"ተርበሻል እኮ።"

"እሱማ እግዜር ያውቃል፤ ግን ሰው አያውቅም" አለችና ጫማዬን ታወልቅልኝ ጀመር።

ተቆጣሁ። እኔ ዕቃ ነኝ ወይ፣ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ፣ ነገውኑ ሄደሽ መልሺ ብዬ ቤቱን አናወጥሁት። እውነቱን ልናገር? አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያውን እያየሁ፣ ከተማችን ውስጥ ያለውን ላጤ ወንድ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ሰልፍ አስያዝሁት። ማን ይሆን? መለዋወጫ የሚሸጠው ሰውዬ ይሆን? ጎማ ማሸጊያ ስጠይቀው "ለአንቺማ መቼ ይጠፋል" ብሎኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ማሸጊያው ያወራ ነበር የመሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ከቤት ስወጣ ደግሞ ታምር አየሁ። ደጃችን ላይ ያለው የመንገድ መብራት፣ ያ ስንት ዘመን ጠፍቶ እኔን የመብራት ኃላፊዋን በሰፈሩ ሁሉ ያሳቀብኝ መብራት፣ በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብሎ በርቷል። በቃ፣ አገኘሁት አልሁ። ምሰሶ ላይ የሚወጣልን የመብራት ሠራተኛ ነው! ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው፤ የጠላ መስሎ የሚወድ ወንድ መቼም አይጠፋም። ሄድሁለት። ምሰሶ ሥር ቁጭ ብሎ ሽቦ ይልጣል። በሕይወቴ አውጥቼው የማላውቀውን ለስላሳ ድምፅ አውጥቼ፣

"የደጃችንን መብራት አየሁት። አመሰግናለሁ" አልሁት።

ጉጠቱ ከእጁ ወደቀ። "ምን አጠፋሁ?" አለ።

"ኧረ ምንም። ደስ ብሎኝ ነው።"

ፊቱ አመድ መሰለ። "በእናትሽ ለበላይ እንዳትነግሪብኝ። ተሳስቼ ነው፣ ሽቦ ተነካክቶብኝ ነው። ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ!"

እውነትም ከሰዓት በኋላ አጠፋው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲያየኝ ምሰሶ ላይ ይወጣል፤ ብልሽት ቢኖርም ባይኖርም።

በሳምንቱ አጋማሽ ሞተሩ በጭነት መኪና ከባሕር ዳር ተነሣ። መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ የገበያ ቀን ደርሶበት ከበግና ከሽንኩርት መካከል ተቀርቅሮ ዋለና፣ ሲመሽ ሲመሽ ገባልን። በዚያው ሰሞን አክስቴ ከጉና ሥር በበቅሎ መጣች። አንድ ስልቻ ድንች፣ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ምክር ጭናለች። አጎቴም በቤተሰቡ በኩል መልስ የሚሰጥ ሽማግሌ ሆኖ ተጠርቶ ከተፍ አለ። አጎቴ መልሱን አስቀድሞ አጥንቶታል። ጓሮ ለጓሮ እየተንጎራደደ "ልጃችን ብርቃችን ናት፣ ለአገር ውሃ የምታጠጣ ናት፣ በዋዛ አንሰጥም" ሲል ዶሮዎቹ ይሰሙታል። እናቴ ቤቱን በኖራ አስቀባች። ጎረቤት ወንበር አበደረ። እናቴ በየቤቱ ወንበር ስትበደር ያለ ምክንያት ቆም እያለች "ሽማግሌ ቀጥሬ ነው እንጂ እኔስ በርጩማ ይበቃኝ ነበር" ትላለች። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ደስታዋ ያስፈራኝ ጀመር።

"እማዬ፣ ሰውየው ባይስማማኝስ?"

"እምቢ በያ። አልነገርሁሽም? እምቢ ማለትም እኮ ወግ ነው።"

ቅዳሜ ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ አወረድነው። ሰንሰለቱ ይንሿሿል፣ ሠራተኞቼ ይጮኻሉ፣ እኔ ከሁሉም በላይ እጮኻለሁ። ማብሪያውን ስንጫን መጀመሪያ ምንም፣ ቀጥሎ ማጉረምረም፣ ከዚያ ቱቦው አስነጠሰና የዛገ ውሃ ፊቴ ላይ ተፋ። ቆይቶ ጠራ። ላይኛው ሰፈር ቧንቧ ሲንፎለፎል የሴቶቹ እልልታ በከተማው ላይ ተሰማ። ደስታ ማለት ለእኔ ያቺ ናት፤ ባል ቢመጣም ባይመጣም ያቺን አይወስድብኝም። ረጥቤ፣ ቅባት በቅባት ሆኜ ቤት ስገባ አክስቴ ጭንቅላቷን ያዘች።

"ነገ ሽማግሌ ሊመጣ ሰይጣን መስለሽ ትገቢያለሽ? ነይ ወዲህ!" ብላ ጠርታ ያን ሁሉ ከጉና የመጣ ቅቤ አናቴ ላይ ቆለለችው።

እሁድ ሆነ። መሬቱ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። አጎቴ አዲስ ጋቢውን ተከናንቦ መካከል ላይ ተሰይሟል። እኔ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ከእነ ቅቤዬ፣ እንደ ወጉ ጓዳ ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጫለሁ። ባለሙያ ነኝ፣ ኃላፊ ነኝ፣ ሠራተኛ አዝዣለሁ፤ አሁን ግን እንደ ልጅ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቃለሁ። አክስቴ መስኮት ላይ ቆማ ዜና ታስተላልፋለች።

"መጡ! መጡ! ኧረ ብዙ ናቸው! ኧረ በግ ይዘዋል!"

"በግ?" አለች እናቴ። "ገና እሺ ሳይባሉ በግ?"

"ሴቶችም አሉ፣ እልል እያሉ ነው። አንዷ በራሷ ላይ ተሸክማለች። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት... ጀሪካን ነው።"

"የምን ጀሪካን?"

"ማር ይሆናላ።"

"ማር በጀሪካን?"

"ሀብታም ናቸዋ!" አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

ገቡ። እናቴ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ከማለቷ አራቱም ሽማግሌዎች ዘፍ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። እንዴት ሳይለምኑ ይቀመጣሉ? አጎቴ ከጋቢው ውስጥ አንገቱን አውጥቶ፣ ያጠናው ሁሉ እየጠፋበት፣ "አባቶች፣ ጉዳያችሁን አልተናገራችሁም እኮ" አለ።

"ጉዳያችንማ ትናንት አለቀ!" አሉ ቄሱ በደስታ።

አጎቴ ወደ ጓዳው ዞሮ መጋረጃው ላይ አፈጠጠ። እኔ እዚያ ውስጥ ሆኜ፣ ምንም ሳላጠፋ፣ ላብ አጠመቀኝ።

ቄሱ ወደ እናቴ ዞሩ። "እሜቴ፣ የእርስዎ ቃል መሬት ጠብ አይልም። ልጅዎን መክረው፣ ቂሟን አስረስተው፣ ዘመድ ሰብስበው ውሃውን አስለቀቁልን። ትናንት ሰፈራችን በእልልታ ነው የዋለ። ይኸው ሰፈሩ አዋጥቶ በግ ገዛልዎ፤ መቼም በጥቅምት አንድ አጥንት ነው። ይኼ ደግሞ ከቧንቧችን መጀመሪያ የተቀዳው ነው፤ ለበረከት ብለን ነው።"

"የምን ውሃ?" አለች አክስቴ።

"የቧንቧው" አሉ ሌላው ሽማግሌ።

ከዚያ በኋላ የተናገረ በጉ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁ። ለመለዋወጫ ሻጩ ያሰብሁት፣ ለመብራት ሠራተኛው ያለሰለስሁት ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ ሆዴን ያዘኝ። ቀጥሎ ግን እናቴን በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት። የተበደረቻቸው ወንበሮች መካከል ቆማለች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደ ነበረ ቀርቷል፤ መመለሻ አጥቶ ነው። አጥሩ በሰው ተሞልቷል። ሳቄ ደረቴ ላይ ድንጋይ ሆነ። ይህን ፓምፕ ያቃጠለውን ቀን ረገምሁት።

ቄሱ ደግ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ቄጤማው ሄደ፣ ወደ አጎቴ ጋቢ ሄደ፣ ከመጋረጃው ሥር ወደሚታየው እግሬ ሄደ። ሁሉም ነገር ሲገባቸው አየሁ። ብድግ አሉ። ያልገባቸውን ሦስቱን ሽማግሌዎች በመቋሚያቸው እየጎሸሙ አስነሧቸው።

"እ... ሌላም ጉዳይ አለን፣ እሜቴ" አሉ ጮክ ብለው፣ አጥሩ ድረስ እንዲሰማ። "ዋናው ጉዳይ እንዲያውም እሱ ነው። ቆመን ነው የምንናገረው። ልጅዎን... ለልጃችን..."

"ለየትኛው ልጃችን?" አሉ ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ በሹክሹክታ።

"ዝም በል!" አሉ ቄሱ በጥርሳቸው መካከል።

እናቴ ስትመኘው የኖረችው ይኸው መጣላት። አራት ሽማግሌ፣ ቆመው፣ በሰው ፊት፣ እኔን ሲጠይቁ። "ዘመድ ላማክር" ብትል በቃ ነበር። ቀጠሮው ይራዘማል፣ ይረሳል፣ እሷም እስክትሞት "ተለምና ነበር" ትላለች። ማንም አይነካባትም ነበር። እኔ ራሴ ጓዳ ውስጥ ሆኜ በይው፣ በናትሽ በይው እላለሁ።

"አባ፣ ይተዉት" አለች እናቴ።

"ኧረ እውነታችንን ነው..."

"አባ፣ ካህን ነዎት፣ በእኔ ምክንያት አይዋሹ።" ድምፅዋ አሁን አይንቀጠቀጥም። "ልጄ በይሉኝታ አትጠየቅም። የፈለጋት ይጠይቃታል። የሚፈልጋት ካልመጣም የእኔ ናት።"

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ግን አልጨረሰችም።

"ውሃውንም እኔ አልለቀቅሁላችሁም። ቂም የሚባል ነገርም የለም። እኔ ስለ ውሃ አንድም የማውቀው ነገር የለኝም። ሳምንቱን ሙሉ ጭቃ ለብሳ የገባች እሷ ናት። እኔ ወንበር ስበደር፣ እሷ ለእናንተ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነበረች፤ ምን እንደምትሠራ እንኳ አልጠየቅኋትም። እንግዲህ አንዴ ቆማችኋል፤ ለእሷ ቁሙላት።" ወደ መጋረጃው ዞረች። "ነይ፣ ውጪ!"

አልወጣም ልል ነበር። አክስቴ ከኋላ ገፋችኝ። መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ፣ ያ የጉና ቅቤ በሙቀቱ ቀልጦ በግንባሬ፣ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ አጎቴም ሳይታወቀው ተነሥቷል፤ በሩ ላይ ያሉት የላይኛው ሰፈር ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ያዩኛል። ቄሱ መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው አድርገው "እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ፤ ቂመኛ ያልንሽንም ይቅር በይን" አሉኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ቅቤው ነው አልሁ። ወደ መሬት አቀረቀርሁ።

እናቴ አጠገቤ መጥታ ቆመችና በነጠላዋ ጫፍ ግንባሬን ጠረገችልኝ። ከዚያ አገጬን ያዘችኝ።

"ቀና በይ" አለችኝ። "ላንቺ ነው የቆሙት።"

ቀና አልሁ፤ ቅቤው በጀርባዬ ወረደ።